ከሣር ክዳን እስከ ኮርኒስ፦ የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ጣሪያ



ዛሬ የምናገረው ስለ ነገሥታት አይደለም። ከራሳችን በላይ ሆኖ ቀና ብለን ስለማናየው ነገር ነው። ያደግሁት አዳማ ውስጥ፣ በአባቴ የእንጨት ሥራ ቤት ነው። ቤቱ የቆርቆሮ ክዳን እንጂ ኮርኒስ አልነበረውም። በሚያዝያና በግንቦት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ኮላው እንጨቱን ሳይዝ ይደርቃል፤ አባቴም መላጊያውን አስቀምጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከደጅ ጥላ ሥር ይቀመጥ ነበር። ከሠራተኛ በየቀኑ ሦስት ሰዓት የሚወስድ ጣሪያ የታሪክ ጉዳይ አይደለም የሚል ቢኖር አልስማማም።

የስምጥ ሸለቆ ሰው አስቀድሞ ቤቱን የሚከድነው በሣር ነበር። ሣር በአገዳዎቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ቀን ሙቀትን፣ ሌሊት ቅዝቃዜን ያዘገያል። የቆርቆሮ ታሪክ ግን ከሩቅ ይጀምራል፤ ሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በለንደን የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። ወደ እኛ በብዛት እንዲደርስ መንገዱን ያቀናው የባቡር ሐዲድ ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ፣ አዋሽ፣ መተሐራ፣ ወለንጪቲ፣ አዳማና ሞጆ የባቡር ጣቢያ ከተሞች ሆኑ። በበቅሎና በግመል ጀርባ ለመጫን የሚያስቸግረው ቆርቆሮ በፉርጎ መጓዝ ቻለ። እሳትን አይፈራም፤ በየጊዜው አይታደስም፤ የባለቤቱንም ክብር ከሩቅ ያስታውቃል። እነዚህ ቀላል ምክንያቶች አይደሉም፤ አያቶቻችን ተታለው አልመረጡትም።

ዋጋው የሚከፈለው ግን ከሥሩ ነው። ብረት ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከሣር በመቶዎች እጥፍ ነው። ፀሐይ ያጋለው ቆርቆሮ አየሩን ብቻ ሳይሆን የሰውን አናት በቀጥታ በጨረር ያግለዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደግሞ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ቆርቆሮው ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ንጋት ላይ ከውስጥ በኩል ጠል የሚያንጠባጥበው ስለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ኮርኒስ ነበር። ቃሉ እንደ ሞራሌና እንደ ሰጋቱራ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ እዚያ ግን የጠርዝ ጌጥ ስም እንጂ የመላው ጣሪያ ስም አይደለም። ጠርዙ ሙሉውን ወረሰ ማለት ነው። ድሮ አቡጀዲ ተወጥሮ ኖራ ይቀባ ነበር፤ ኋላ ቺፑድ መጣ፤ አቅም ያጣ ደግሞ የማዳበሪያ ጆንያ ሰፍቶ ይወጥራል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። ኮርኒስ ማን ይሥራ የሚለው ጥያቄ የባለቤትነት ጥያቄ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ፤ ኪራይም ቀነሰ። ለድሃው ተከራይ ትልቅ እፎይታ ነበር። ይሁንና በዚያ ኪራይ ቤት ማደስ አዳጋች ሆነ፤ ተከራዩም የእርሱ ባልሆነ ጣሪያ ላይ ገንዘቡን ማፍሰስ ፈራ። የአባቴ ሥራ ቤት የቀበሌ ነበር። ኮርኒስ ልሥራ ብሎ ሲያመለክት፣ ወጪው እንደማይታሰብለት ተነገረው። እናቴ ጆንያ ሰፋች። ጆንያው ሰጋቱራ እያጠራቀመ ረገበ፤ ከሥሩ የኤሌክትሪክ ገመድ ስላለፈ እሳት ያሰጋን ነበር።

በመጨረሻ አባቴ በራሱ ወጪ ሞራሌ ደርድሮ ቺፑድ መታ። ቀጥሎ በአካባቢያችን በብዛት የሚቆፈረውን፣ ለብሎኬት የሚውለውን ፓሚስ በላዩ አነጠፈ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ፓሚስ በቀዳዳዎቹ አየር ይይዛልና። ክብደቱን ግን አላሰበም፤ በአንድ ክረምት ቺፑዱ ጎበጠ። ፓሚሱን አውርዶ በሁለቱም የግንብ ጫፎች ከኮርኒሱ በላይ ቀዳዳ ከፈተ፤ የጋለው አየር በዚያ ይወጣ ጀመር። ዝናብ ሲዘንብም መነጋገር ቻልን።

ቤቱ ዛሬም የኪራይ ነው። ባለፈው ዓመት ስጎበኘው አዲሱ ተከራይ፣ ወጣት ብረት በያጅ፣ ቀዳዳዎቹን ወፍ ገባብኝ ብሎ በጭቃ ደፍኗቸው አገኘሁ። በወንፊት ሽቦ ብቻ እንዲሸፍናቸው ነገርኩት። «ባለቤቱ ይፈቅዳል?» አለኝ።