ከሩቅ የሚላክ ምርቃት፤ ከአያቴ ሰርግ እስከ እህቴ ሰርግ

የስደት እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ማዳም አይደለም፣ ስለ ደሞዝም አይደለም። ስለ ሰርግ ነው። ትንሽ ረዘም ይላልና ሥራ ላይ ያላችሁ ማታ ጋደም ስትሉ አንብቡት።

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ በጥር አገባች። ይቺ እህቴ አምና ፓስፖርት አውጥታ «እኔም ልምጣ» ስትለኝ የነበረችው ናት። ሰርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወንድሜ ድምፅ ላከልኝ። «አንቺ ስለማትመጪ አንድ ነገር ጻፊና እኔ ሰው ፊት ላንብበው። የሚያስቅም የሚያስለቅስም ይሁን» አለኝ። ቀላል መስሎኝ እሺ አልኩ። ማታ ሥራ ጨርሼ ወረቀት ይዤ ቁጭ ስል ግን «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብዬ እዛው ቀረሁ። እኔ ያላገባሁ የ27 ዓመት ልጅ፣ ሙሽራ የምመርቅ ማን ነኝ? እኛ አገር ምርቃት የሽማግሌ ነዋ!

የተማርኩት እስከ አስረኛ ክፍል ነው። ከትምህርት ሁሉ የምወደው ታሪክ ነበር። የነገሥታቱን ጦርነት ሸምድደናል፣ ሙሽራን ማን ይመርቅ እንደነበር ግን ያስተማረን የለም። ስለዚህ አያቴን በስልክ፣ እዚህ ቤሩት ደግሞ ቀድመውን የመጡትን ታላላቆቻችንን ጠየቅኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ከአያቴ ልነሳ። እናና ነው የምንላት። ወሎ ውስጥ ነው የተዳረችው፣ በንጉሡ ጊዜ። «እናና፣ ስታገቢ ምን ብለው መረቁሽ?» አልኳት። ሳቀችብኝ። «እኔን ማን መረቀኝ? የመረቁት አባቴን ነው» አለች። እሷ ተሸፋፍና በቅሎ ላይ ሆና ስታለቅስ ሽማግሌዎቹ ቆመው ለሁለቱ አባቶች «ጋብቻው የአብርሃምና የሣራ ይሁን፣ ወልደው ይክበዱ» ይላሉ፣ ሰዉ አሜን ይላል። ማንን እንደምታገባ እንኳ አታውቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ ማግቢያ 15 ዓመት ብሎ ነበር። እናና ግን ያን ጊዜ 12 ዓመቷ ነው። ሕጉ አዲስ አበባ ተጻፈ እንጂ እኛ ሰፈር ማን ሰምቶት! የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ለሴቱም ለወንዱም 18 ዓመት ያለው በ1992 ዓ.ም. ነው፣ ብዙ ክልሎችም የየራሳቸውን አወጡ።

እና በዚያ ዘመን ምርቃት ባለቤት ነበረው። የሚመርቀው ሽማግሌ ወንድ ነው፣ የሚመረቀው ቤተሰቡ ነው፣ ሙሽሪት መሃል ላይ ዕቃ ናት።

ታዲያ ምርቃት ከሽማግሌ አፍ ወጥቶ እንዴት ወረቀት ላይ ገባ? ፖስታ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ጊዜ ነው፣ በ1886 ዓ.ም.። ግን ፖስታ ቢኖር ጸሐፊ የለም። ገበሬው ደብዳቤ ሲያስፈልገው ቄስ ወይም ተማሪ ፈልጎ ነው የሚያስጽፈው። ሲመጣለትም እንደዛው ያስነብባል። ደግሞ ያን ጊዜ እኛ አገር ፖስታ ቤት ለቤት አይታደልም ነበር፣ በፖስታ ሳጥን ነበር። ሳጥን የነበረው ትምህርት ቤቱ ወይም መሥሪያ ቤቱ ነው። ስለዚህ የላካችሁትን ምርቃት እናታችሁ ከመስማቷ በፊት መምህሩም ተማሪውም ሰምቶታል ማለት ነው።

በ1971 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጀመረ። በኋላ ላይ እስከ 15 ቋንቋ ደርሶ ነበር። ደርግ ያደረገብንን ሁሉም ያውቀዋል፣ እሱን አልሸፍንም። እናና ግን ፊደል የቆጠረችው በዚያ ዘመቻ ነው። 26 ዓመቷ ነበር፣ እናቴን አዝላ ነው የተማረችው።

እዚህ ላይ ነው ያላወቅኩትን የነገረችኝ። ወንድሟ አሰብ ወደብ ላይ ይሠራ ነበር። ያን ጊዜ ከኛ አካባቢ ብዙ ሰው ለሥራ አሰብ ይወርድ ነበር። በ1974 ዓ.ም. እዛው ሊያገባ መሆኑ ተሰማ። መሄጃ የላትም። ሦስት ማታ በኩራዝ እየጻፈች፣ እየሰረዘች፣ በሕይወቷ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፈች። በኮምቦልቻ በኩል ወደ አሰብ ለሚወርድ የጭነት መኪና ሹፌር ሰጠችው። ምን ብለሽ ጻፍሽ ስላት በቃሏ ነገረችኝ፦

«ወንድሜ እንኳን ደስ ያለህ። እኔ ደህና ነኝ። ሚስትህን አትምታ። እህትህ።»

በቃ፣ ይሄው ነው! እኔ ስልኩን ይዤ በሳቅ ፈረስኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። «ሌላ ምን ልጻፍ? የማውቀው እሱን ነው» አለችኝ። ያኔ ሳቄ ቆመ። ወንድሟ ደብዳቤውን ለሚስቱ አነበበላት፣ ሚስትየዋም ወረቀቱን ተቀብላ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችው። ከዓመታት በኋላ ሲገናኙ «ያቺ ወረቀትሽ ጠበቃዬ ነበረች» ብላታለች።

እኔም «እናና፣ እኔ ያላገባሁ ልጅ ልመርቅ እችላለሁ?» ብዬ ጠየቅኳት። «እኔስ ያኔ ማን ነበርኩ?» አለችኝ።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደኛው ይመጣል፣ ወደ አረብ ሀገር። በደርግ ጊዜ ከአገር መውጣት ከባድ ነበር። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ። በዚያው በ1983 ጥቅምት ላይ ደግሞ እዚህ ሊባኖስ 15 ዓመት የቆየው የእርስ በርስ ጦርነት አብቅቶ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም ማንም ሰው ከአገር የመውጣት መብት አለው አለ። እዚያ በሩ ተከፈተ፣ እዚህ ደግሞ ቤቱ ሠራተኛ ፈለገ። እህቶቻችን መምጣት ጀመሩ።

ከነሱ አንዷን እቴቴ ነው የምንላት። በ1988 ነው የመጣችው። በ1990 ወንድሟ ሲያገባ ካሴት ነው የላከችው። የአሠሪዋ ልጅ የጣለውን የአረብኛ ዘፈን ካሴት አንስታ፣ ማታ ኩሽና ውስጥ ድምፅዋን ቀዳችበት። ግማሹ ምርቃት ነው፣ ግማሹ ለቅሶ ነው። ወደ አገር ለምትገባ ልጅ ሰጥታ ላከችው። ሰርጉ ላይ ካሴቱ በቴፕ ተከፈተ። እናት አለቀሱ፣ አባት አለቀሱ፣ ድንኳኑ በሙሉ አለቀሰ። የእቴቴ ድምፅ ሲያልቅ ግን ካሴቱን የዘጋው ሰው የለም፣ ከሥር የነበረው የአረብኛ ዘፈን ቀጠለ። ለቅሶው ወደ እስክስታ ዞረ! እስከ ዛሬ «ባለ ሁለት ፊት ምርቃት» እያሉ ነው የሚያወሩት።

ቀጥሎ የስልክ ካርድ መጣ። ሞባይል አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው፣ እሱም አዲስ አበባ። ገጠር እስኪደርስ ስንት ዓመት ፈጀ። ስለዚህ እህቶቻችን የሚደውሉት ከተማ ያለ ባለሱቅ ጋ ነበር። «እሁድ በአራት ሰዓት ጠብቁኝ» ብለው ቀድመው ያስነግራሉ፣ ቤተሰብ በእግሩ ከተማ ይወጣል። እቴቴ ለታናሽ እህቷ ሰርግ በካርድ ደውላ መረቀች። «ወልዳችሁ» ስትል ካርዱ አለቀ። «ክበዱ» ሳትላቸው ቀረች። ዛሬ እህቷ ሰባት ልጆች አሏት፣ ብር ግን የላትም። «ካርዱ ነው ጉድ የሠራኝ» ትላለች።

እኔ የመጣሁት በ2010 ነው፣ ኢሞ ላይ ነው የደረስኩት። ድምፅ መላክ ቀላል ሆኗል። ግን ሌላ ነገር መጥቷል። ከኛ የሚጠበቀው ምርቃቱ አይደለም፣ ብሩ ነው። ሰርግ ላይ ስጦታ ሲመዘገብ ስም እየተጠራ ነው። «እህቱ ከቤሩት ይህን ያህል ብር» ሲባል እልል ይባላል። ስንት ሌሊት እንደቆምሽበት የሚያውቅ የለም።

በ2012 ወንድሜ ሲያገባ፣ ያ አሁን ጻፊ ያለኝ ወንድሜ ማለት ነው፣ የምልከው አምስት ሳንቲም አልነበረኝም። ያን ጊዜ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ለዓመታት አንድ ዶላር 1,500 ሊራ ነበር፣ ያን ክረምት በጥቁር ገበያ ከ8,000 አለፈ። ሰዎቻቸው ዶላር የለም ብለው ስንቷን እህታችንን ከነሻንጣዋ መንገድ ላይ ጣሏት። እኔን አልጣሉኝም፣ ግን የአራት ወር ደሞዝ አልተከፈለኝም። ሐምሌ 28 ደግሞ የወደቡ ፍንዳታ ተጨመረ።

ሰርጉ ግንቦት ላይ ነበር። ባዶ እጄን ስልክ መክፈት አፈርኩ። ስልኬን አጥፍቼ ልደበቅ ሁሉ አስቤ ነበር። በመጨረሻ ሁለት ደቂቃ ድምፅ ላኩ፦ «ወንድሜ ዘንድሮ ቃል ብቻ ነው ያለኝ» ብዬ። አገር ቤት ደግሞ ያን ጊዜ ኮሮና ነው፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል። ድንኳን የለም፣ ዘመድ የለም። አጎቶቼም ጎረቤቱም ሽማግሌውም ሁሉም በስልክ ነው የመረቁት። ያን ዓመት አገሩ በሙሉ እንደኛ ሆነ። ማንም ያልመጣበት ሰርግ ላይ እኔ ብቻ የቀረሁ አልነበርኩም።

ወንድሜ አሁን ነው የነገረኝ፤ ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ስልኩ ላይ አለ። «ብር ብትልኪ ያን ዓመት እበላው ነበር» አለኝ። ጻፊ ያለኝ ለዚህ ነው።

ለእህቴ ሰርግ የአቅሜን ልኬያለሁ። ግን ወንድሜን «የብሩን መጠን እንዳታስጠራ፣ ወረቀቱን ብቻ አንብብ» አልኩት። የጻፍኩት ይህን ነው፦

«ሚጣዬ፣ አንተም አማቻችን፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ ቤሩት ነኝ፣ ጆሮዬ ግን እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ነው። አማቻችን፣ ሳይነግሩህ ያጋቡህ አንድ ነገር አለ። ይቺ ልጅ በአስር ዓመቷ ሽሮ ልትሠራ ገብታ ድስት አሳረረች። እናታችንን ፈርታ ድስቱን ጓሮ ቀበረችው። እማዬ እስከ ዛሬ ሌባ የወሰደው ነው የሚመስላት። ቤትህ ድስት ከጠፋ ፖሊስ አትጥራ፣ ጓሮህን ቆፍር። ሚጣዬ፣ አንቺ ስታኮርፊ ሦስት ቀን አትናገሪም። ካሁን በኋላ አንድ ቀን ይብቃሽ። አያታችን ከ40 ዓመት በፊት ለወንድሟ የጻፈችውን እኔም እደግመዋለሁ፦ ሚስትህን አትምታ። እሷም አትመታህም፣ ለዚህ እኔ ዋስ ነኝ። የሰው አገር ሳትናፍቁ እንጀራችሁ ደጃችሁ ላይ ይገኝ። ከናንተ ቤት ሻንጣ ይዞ የሚወጣ ልጅ አይኑር። ወልዳችሁ ክበዱ። አሜን በሉኝ።»

የሰርጉ ቀን እሁድ ነበር፣ ማዳም እንግዳ ስላላት አልወጣሁም። በክረምት የቤሩት ሰዓት ከአገር ቤት በአንድ ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ ቆጥሬ ጠብቄ፣ ማዳመጫውን በሻሽ ሸፍኜ ልብስ እየተኮስኩ ሰማሁ። ወንድሜ ማንበብ ጀመረ። ድስቱ ጋ ሲደርስ ሳቁ ፈነዳ፣ እማዬ «አንቺ ልጅ! አንቺ ነሽ?» ስትል ድምፅዋ ከሁሉም በላይ ተሰማኝ። የእናና ቃል ሲነበብ ጸጥ አሉ። «አሜን በሉኝ» የሚለው ጋ ሊደርስ ሲል ኔትወርኩ ተቆረጠ። ሸሚዙን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

በማግስቱ እማዬን «አሜን አሉ?» አልኳት። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ እናና ከተቀመጠችበት እጇን ዘርግታ ጮክ ብላ «አሜን!» አለች አለችኝ። ከዛ ሁሉም ተከተሏት።

እህቶቼ፣ ከዚህ ሁሉ የገባኝን ልንገራችሁ። ሙሽራ ለመመረቅ ማግባትም ማርጀትም ብርም አያስፈልግም። ረጅም አትጻፉ፣ የሚያነበው ሰው ይደክመዋል። እናንተ ብቻ የምታውቁትን አንድ ነገር አንሱ። ቀልድ ካላችሁ አማቶች ፊት የማያሳፍር ይሁን። ስማቸውን ጠርታችሁ ለሁለቱም ተናገሩ፣ አንዱን ብቻ አትመርቁ። በመጨረሻ አሜን የሚያስብል ቃል አድርጉበት። ስለላካችሁት ብር ግን አንድም ቃል አታስገቡ።

ባዶ እጅሽን ሆነሽ ስልክሽን ያጠፋሽ እህቴ ካለሽ፣ ክፈቺውና ሁለት ደቂቃ ተናገሪ። ከሚያዝያ ጀምሮ ደግሞ ሌላ የሰርግ ወቅት ነው። እናንተስ ለማን ምን ብላችሁ ላካችሁ? የሚያስቀውንም የሚያስለቅሰውንም ጻፉልኝ፣ ማታ አነበዋለሁ። አሁን ማዳም እየጠራችኝ ነው። ሰላም ዋሉልኝ።