ከስኒው አጠገብ የተረሳ ወረቀት

ድባጤ ውስጥ ሻይ ጠጥታችሁ ስትወጡ ምን ይዛችሁ ትወጣላችሁ? ብዙ ጊዜ ምንም። የዋጋው ዝርዝር ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ደረሰኝ ከተሰጣችሁም ከበሩ ሳትርቁ ትጥሉታላችሁ። ዛሬ ስለዚያ ስለምትጥሉት ወረቀት ላጫውታችሁ።

በ1910 እ.ኤ.አ. በጥንቷ ሰማርያ የቆፈሩ ተመራማሪዎች በቀለም የተጻፈባቸው የሸክላ ስብርባሪዎች አገኙ። ጽሑፎቹ ከጌታችን ልደት በፊት የ8ኛው መቶ ዓመት ናቸው። ትንቢት ወይም መዝሙር አይደሉም፤ በዚህ ዓመት፣ ከዚህ መንደር፣ ይህን ያህል ማሰሮ ወይን ወይም ዘይት የሚሉ የዕቃ መዝገቦች ናቸው። ነገር ግን ኢያሱ 17 ላይ በምናሴ ነገድ ውስጥ የምናነባቸው አቢዔዝርና ሸሚዳ እነዚህ ስብርባሪዎች ላይ የአካባቢ ስም ሆነው ተገኙ። ጸሐፊው ያሰበው ስለ ወይኑ ነው፤ ለእኛ ማስረጃ ለመተው አልነበረም። እኔ እንዲያውም ይበልጥ የማምነው ለዚህ ነው።

የእኛም ካፌዎች እንዲህ ያለ መዝገብ አላቸው። የዋጋ ሰሌዳው ላይ «ማኪያቶ» የሚለው ቃል ራሱ ታሪክ ነው፤ ጣልያንኛ ነው፣ ጠብታ የነካው እንደ ማለት። «ፒያሳ»ም እንደዚሁ። አዲስ አበባ ፒያሳ በ1953 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ቶሞካ ስሙን ያገኘው ዘመናዊ የቡና መቁያ ከሚል የጣልያንኛ አጠራር ነው። ወራሪው ከወጣ 12 ዓመት ሆኖታል፤ ቃሉ ግን የቡናው ከረጢት ላይ ቀርቷል። በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ የቤቶቹ ፎቶግራፍ በየስልኩ ተነሳ። የዋጋ ሰሌዳቸውንስ ስንት ሰው አነሳ?

ተጨማሪ እሴት ታክስ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ 15 በመቶው ደረሰኝ ላይ ይታያል። የማሽን ደረሰኝ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተጠጣውንና ዋጋውን ይዟል። ችግሩ ወረቀቱ ነው። ጽሑፉ የሚወጣው በቀለም ሳይሆን በሙቀት ስለሆነ ሙቀትና ብርሃን መልሰው ያደበዝዙታል። የሰማርያው ሸክላ 2,700 ዓመት ገደማ ቆየ፤ የእኛ ደረሰኝ በመተከል ፀሐይ ጥቂት ዓመት ከቆየ ደግ ነው።

ጀበና ቡና የሚያፈሉ እናቶች ደግሞ ማሽን የላቸውም። የእነርሱ መዝገብ የዱቤ ደብተር ነው፦ ስም፣ የስኒ ቁጥር፣ ሲከፈል የሚሰመር መስመር። በ2013 ዓ.ም. አካባቢ በመተከል በደረሰው ግጭት ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። በዚያ ዘመን የተጻፈ የዱቤ ደብተር ብታገኙ ቀኖቹን ተከትላችሁ ተመልከቱ፤ የት ጋ ይቋረጣል? ሲቀጥልስ እነማን ተመልሰው ቡና ጠጥተዋል? ያልተሰመረበት ስም ዕዳውን የረሳ ሰው ላይሆን ይችላል።

እንግዲህ የወጣቶች ኅብረታችሁ ከሻይ በኋላ የሚሠራው ሥራ ይኸው። ደረሰኙን ሳይደበዝዝ በስልክ አንሱት፤ ቤቱንና ቀኑን ሌላ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፉ። የዱቤ ደብተር ሲሆን ግን አስቀድማችሁ ባለቤቷን ጠይቁ፤ ባለዕዳዎቹ ጎረቤቶቻችሁ ናቸውና ስማቸውን በእጃችሁ ሸፍናችሁ አንሱ።