ፍርሃትን የሸጡ ሥዕሎች

የሰው ልጅ የሚፈራውን ነገር መሸሽ ብቻ ሳይሆን ቀርቦ ማየትም ይወዳል። ማታ በእሳት ዙሪያ ስለ ጅብና ስለ ጭራቅ ሲተረት ሕፃን ልጅ እየተንቀጠቀጠ ያዳምጣል፤ ተረቱ ሲያልቅ ግን «ሌላ ጨምሩልኝ» ይላል። ይህን የሰው ጠባይ የተረዱ የአሜሪካ አሳታሚዎች ፍርሃትን በወረቀት ላይ እያተሙ ሸጠዋል። እኛም በዚህ የትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የእነዚያን አስፈሪ መጽሔቶችና የሽፋን ሥዕሎቻቸውን ታሪክ ባጭሩ ለማቅረብ አስበናል። «ይህ ለተማሪ ምን ይጠቅመዋል?» የሚል ወላጅ ቢኖር፥ ጽሑፋችንን እስከ መጨረሻው እንዲያነብልን በትሕትና እንለምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጽሔቶቹ «ፐልፕ» ይባሉ ነበር። ስሙን ያገኙት ከወረቀታቸው ነው፤ ይኸውም እንጨት ተፈጭቶና ተቦክቶ የሚሠራ ሻካራና ርካሽ ወረቀት ነው። የዚህ ዐይነት መጽሔት መጀመሪያ ሆኖ የሚቆጠረው፥ ፍራንክ መንሲ የተባለው አሳታሚ በ1896 በዚህ ወረቀት ያሳተመው «አርጎሲ» ነው። ወረቀቱ ርካሽ ስለ ነበረ መጽሔቱም ርካሽ ሆነ፤ ስለዚህም ተራው ሠራተኛና ተማሪው ሊገዛው ቻለ። የውስጡ ገጽ ደብዛዛ ቢሆንም ሽፋኑ ግን በለስላሳ ወረቀት ላይ በደማቅ ቀለም ይታተም ነበር። በጋዜጣ መሸጫው ላይ ከብዙ መጽሔቶች ጋር ተደርድሮ ሳለ፥ አላፊ አግዳሚውን ጠርቶ የሚያቆመው ሽፋኑ ነበርና።

ከአስፈሪዎቹ መጽሔቶች በዝና የሚቀድመው «ዊርድ ቴልስ» ነው፤ ትርጓሜውም «እንግዳ ተረቶች» እንደ ማለት ነው። በ1923 በቺካጎ ከተማ መታተም ጀመረ፤ ዋጋውም 25 ሳንቲም ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዕዳ ስለ ተጫነው ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። ሆኖም በ1924 ፋርንስወርዝ ራይት የሚባል ሰው አዘጋጅነቱን ተረክቦ እስከ 1940 ድረስ መራው። ዛሬ ስማቸው በዓለም የታወቀው ላቭክራፍትና ሮበርት ሃዋርድ አያሌ ድርሰቶቻቸውን ያወጡት በዚህ መጽሔት ነው።

በ1932 ዓ.ም. ማርጋሬት ብራንዴጅ የምትባል ሠዓሊ ለራይት መሥራት ጀመረች። የተወለደችው በ1900 በዚያው በቺካጎ ነው። ዘመኑ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት የጠናበት፥ ሥራ የጠፋበት ዘመን ነበር፤ እርስዋም ልጅዋንና እናትዋን የማስተዳደር ሸክም ነበረባት። ለአንድ ሽፋን 90 ዶላር ይከፈላት ነበር። እስከ 1945 ድረስ ለዚህ መጽሔት 66 ሽፋኖችን ሣለች፤ ከ1933 አጋማሽ እስከ 1936 አጋማሽ ደግሞ የወጣው ሽፋን ሁሉ የእጅዋ ሥራ ነበር።

በሥዕሎችዋ ላይ «ኤም ብራንዴጅ» ብላ ብቻ ስለምትፈርም፥ ብዙ አንባቢያን ሠዓሊው ወንድ ይመስላቸው ነበር። ሴት መሆንዋ ይፋ የተነገረው በ1934 ነው። ሽፋኖችዋ ከጠንቋይና ከጭራቅ ፊት የቆሙ፥ ልብሳቸው የሳሳ ሴቶችን የሚያሳዩ ስለ ነበሩ፥ በመጽሔቱ የደብዳቤ ገጽ ላይ ብርቱ ክርክር አስነሡ። አንዱ ነውር ነው ብሎ ሲነቅፍ ሌላው ድንቅ ነው ብሎ ያመሰግን ነበር።

የምትሠራውም በዘይት ቀለም ሳይሆን «ፓስቴል» በሚባለው የቀለም ጠመኔ ነበር። ጠመኔ በእጅ ሲነካ እንዴት እንደሚረግፍ እኛ ተማሪዎች ከጥቁር ሰሌዳው እናውቃለን። መጽሔቱ በ1938 ተሽጦ ወደ ኒው ዮርክ በተዛወረ ጊዜ፥ ይህን የሚረግፍ ሥዕል ከቺካጎ መላክ አስቸጋሪ ሆነ። በዚያም ላይ በከንቲባው በላ ጓርዲያ ዘመን የኒው ዮርክ ባለሥልጣናት በመጽሔቶች ሽፋን ላይ ቁጥጥር አጥብቀው ነበር። በእነዚህ ምክንያቶች የብራንዴጅ ሥራ እየቀነሰ ሄደ።

የውስጡን ገጽ ካስጌጡት መካከል ደግሞ በ1914 የተወለደው ቨርጂል ፊንሌይ ይጠቀሳል። ሥዕሉ በ«ዊርድ ቴልስ» መውጣት የጀመረው በ1935 ነው። ጥቁር ቀለም ብቻ ይዞ፥ በእጅግ ብዙ ነጠብጣብና በቀጫጭን መስመር ብርሃንንና ጥላን ይለይ ነበር። ሻካራው ወረቀት ቀለም ስለሚመጥ እንዲህ ያለ ረቂቅ ሥራ ለኅትመት አያመችም፤ ፊንሌይ ግን ትዕግሥቱን አልቀነሰም። አንባቢው አንብቦ ለሚጥለው ወረቀት ይህን ያህል መድከም ትልቅ የሥራ ፍቅር ነው እንላለን።

ሆኖም የታሪክ ጸሐፊ ምስጋናውን ብቻ ሊናገር አይገባውም። በእነዚህ መጽሔቶች ሴት ብዙ ጊዜ የምትታየው አዳኝ እንደምትጠብቅ ደካማ ፍጥረት ነው። እንደዚሁም ክፉው ሰው ብዙ ጊዜ ከእስያ ወይም ከአፍሪካ የመጣ እንግዳ ተደርጎ ይቀርብ ነበር። አንባቢው 25 ሳንቲም ከፍሎ ከመዝናኛው ጋር ሌላውን ሕዝብ መፍራትንም ተማረ። እኛ አፍሪካውያን ልጆች ይህን ሳናነሣ ብናልፍ ታሪኩን ጎዶሎ ባደረግነው ነበር።

«ዊርድ ቴልስ» በ1954 ተዘጋ። ወረቀቱ ከጊዜ ብዛት እየወየበ ይሰባበራል፤ ብዙ ቅጂዎችም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦርነቱ ሲባል ከተሰበሰበው አሮጌ ወረቀት ጋር ጠፍተዋል። ፊንሌይ በ1971፥ ብራንዴጅም በ1976 ዐረፉ። ተንቀው የነበሩት መጽሔቶች ግን ዛሬ በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሳይቀር ተጠብቀው ይገኛሉ።

እንግዲህ ላስቀደምነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። የጋዜጣ መሸጫው ሽፋን ዛሬ በእጅ ስልካችን ውስጥ ገብቷል፤ ቀንም ሌትም በሚያስደነግጥ ሥዕል ይጠራናል። የተጠራው ተማሪ ሥዕሉን ከማመኑ በፊት፥ ማን ሠራው? ማንን ሊያስፈራ ነው? ከመፍራታችንስ ማን ይጠቀማል? ብሎ ይጠይቅ። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው ሠዓሊው በእጁ የደከመበትን ያደንቃል፤ ነጋዴው ከፍርሃቱ ጋር ደባልቆ የሚሸጥለትን ጥላቻ ግን አይገዛም።