ዶሴ የጠየቁ ወላጆች

በጃንዋሪ 1919 በሳን ፍራንሲስኮ፣ ድሪምላንድ በሚባል የስኬቲንግ አዳራሽ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንዲት ቁራጭ ጨርቅ ጉዳይ ተሰበሰቡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአገራችን የኅዳር በሽታ እየተባለ የሚታወሰው ኢንፍሉዌንዛ ያችን ከተማ ዳግመኛ መትቷት ነበር። ከተማዋ በኦክቶበር 1918 ሕዝቡ አፍና አፍንጫውን እንዲሸፍን ደነገገች፣ በኖቬምበር አነሳችው፣ በጃንዋሪ ደግሞ መልሳ ደነገገችው። ይህኛው ብዙ ሰው አልዋጥ አለው። ጠበቃና የሴቶች የመምረጥ መብት ታጋይ የነበሩት ወይዘሮ ሃሪንግተን የመሩት ማኅበር «የፀረ ማስክ ሊግ» ተባለ።

ቁጣው ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ከንቲባው ጄምስ ሮልፍና ድንጋጌውን የጠነሰሱት የጤና ሹም ዊልያም ሃስለር የቦክስ ግጥሚያ ላይ ያለ ማስክ ፎቶ ተነስተው፣ ከንቲባው 50፣ ሹሙ 5 ዶላር ተቀጥተዋል።

ሊጉ በእጁ የነበረው መሣሪያ ስብሰባ፣ አቤቱታና ከንቲባውን ከወንበራቸው የማውረድ ዛቻ ነው። ግዴታው በፌብሩዋሪ 1 ተነሳ፤ ሊጉም ተበተነ። ጤና ቢሮው ከማን ጋር ተጻጻፈ? የትኛውን ቁጥር አይቶ ወሰነ? ካሊፎርኒያ ይህን ለመጠየቅ የሚያስችለውን የመንግሥት ሰነዶች ሕግ ያወጣችው ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይታ፣ በ1968 ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ ኮቪድ ሲመጣ የአሜሪካ ወላጆች በየትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ማይክሮፎን ይዘው ጮኹ። ቴሌቪዥኑ ጩኸቱን አሳየ። ያን ያህል ያልታየው ከስብሰባው ወጥተው የሠሩት ሥራ ነው፦ የሰነድ ጥያቄ መጻፍ ጀመሩ።

ያ መብት በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ፍሎሪዳ የመንግሥት ሰነድ ለሕዝብ ክፍት ነው ብላ በ1909 ብትደነግግም የፌዴራሉ መንግሥት ዶሴ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተቆልፎ ኖረ። ጆን ሞስ የሚባሉ የሳክራሜንቶ የምክር ቤት አባል፣ የአይዘንሃወር አስተዳደር ለደኅንነት ያሰጋሉ ብሎ ስላባረራቸው 2,800 ያህል ሠራተኞች ማስረጃ ጠይቀው ተከለከሉ። ዶሴው ለሕዝብ እንዲከፈት የሚያስገድድ ሕግ እንዲወጣ ከ1955 ጀምሮ ለአሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሲታገሉ፣ ቀርቦ ምስክርነት ከሰጠው የፌዴራል መሥሪያ ቤት አንድም ሕጉን የደገፈ አልነበረም። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰንም ቢሆኑ ፊርማቸውን ያኖሩት ያለ ምንም ሥነ ሥርዓት፣ ቴክሳስ በሚገኘው እርሻቸው ላይ ሆነው፣ በጁላይ 4 ቀን 1966 ነው። ከዎተርጌት ቅሌት በኋላ ምክር ቤቱ ሕጉን ሊያጠብቀው ሲነሳ ፕሬዚዳንት ፎርድ ውድቅ አደረጉት፤ ምክር ቤቱ ግን በ1974 ድምፁን ሰጥቶ አጸደቀው።

በዚያው በ1974 ለወላጆች ይበልጥ የሚቀርብ ሌላ ሕግም ወጥቷል። ከዚያ በፊት አንዲት እናት ስለ ገዛ ልጇ በትምህርት ቤቱ ማኅደር የተጻፈውን ለማየት ብትጠይቅ «አይቻልም» የሚል መልስ ልታገኝ ትችል ነበር። የኒው ዮርኩ ሴናተር ጄምስ በክሊ ያቀረቡት ሕግ ትምህርት ቤቱ ማኅደሩን በ45 ቀን ውስጥ እንዲያሳያት አስገደደ።

የ2021 ወላጆች ይህን ሁሉ ወረሱ። አጠያየቁ ግን ብልሃት ይፈልጋል። የ1966ቱ የፌዴራል ሕግ የሚሠራው እንደ በሽታ መቆጣጠርና መከላከያ ማዕከሉ፣ ሲዲሲ፣ ባሉ የፌዴራል ተቋማት ላይ ብቻ ነው፤ የትምህርት ቦርድን የሚገዛው የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ነው። «ስለ ማስክ ያላችሁን ወረቀት ሁሉ ስጡኝ» ያለ ሰው ወይ ይመለሳል ወይ ሊከፍለው የማይችለው ዋጋ ይጠየቃል። ቀኑን ለይቶ፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊና የካውንቲው ጤና ቢሮ የተጻጻፉትንና «ማስክ» የሚል ቃል ያለበትን ኢሜይል ብቻ የጠየቀ ግን መልስ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። በቨርጂኒያ ሕግ መሥሪያ ቤቱ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት፣ ካልቻለም ሰባት የሥራ ቀን እንዲጨመርለት ማሳወቅ አለበት። ጠያቂው ለምን እንደፈለገው እንዲያስረዳ አይገደድም። በዚያ ዓመት እንደ ፔረንትስ ዲፌንዲንግ ኢጁኬሽን ያሉ አዳዲስ ድርጅቶች ይህን አጠያየቅ ለወላጆች አስተማሩ።

ከወጡት ወረቀቶች ብዙ ያነጋገሩት የሲዲሲ ኢሜይሎች ናቸው። አሜሪካንስ ፎር ፐብሊክ ትረስት የተባለ ድርጅት በፌዴራሉ ሕግ ጠይቆ ባገኛቸው ደብዳቤዎች፣ ማዕከሉ በፌብሩዋሪ 2021 ስለ ትምህርት ቤቶች መከፈት መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ከአሜሪካ መምህራን ፌዴሬሽን ጋር መነጋገሩ፣ ማኅበሩ ያቀረበው ሐሳብም መመሪያው ውስጥ መግባቱ ታየ። በሴፕቴምበር ደግሞ ስለ ማስክ የተጻፉት ወጡ። ማዕከሉ በሜይ 13 ቀን 2021 የተከተበ ሰው ማስክ አያስፈልገውም ሲል፣ ሌላው ታላቅ የመምህራን ማኅበር ስለ ትምህርት ቤቶች ማብራሪያ እንዲሰጥ ወተወተ። ሜይ 15 ላይ ትምህርት ቤቶች በማስክ እንዲቀጥሉ ተነገረ። ማዕከሉ መመሪያው የሚነካቸውን ወገኖች ማማከር የተለመደ አሠራር ነው ብሏል። በእርግጥም ነው። ነገር ግን ወላጆችስ የሚነካቸው ወገን አይደሉም ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም።

እዚህ ላይ በክርክሩ ሙቀት የተረሳ ነገር አለ። እነዚያ ኢሜይሎች ማስክ በሽታን ይከላከላል ወይስ አይከላከልም የሚለውን አይመልሱም። የሚያሳዩት ማን ተጠየቀ፣ ማን ሳይጠየቅ ቀረ የሚለውን ነው። ብዙ ወላጆች ሁለቱን አምታተዋቸዋል፤ ባለሥልጣናትም በተራቸው ሁለተኛውን ጥያቄ ያነሳውን ሁሉ ሳይንስን የካደ አድርገው ቆጥረውታል። ሁለተኛው ግን በራሱ ትልቅ ጥያቄ ነው። የፔንሲልቬኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 2021 የክፍለ ግዛቱን የትምህርት ቤት ማስክ ትእዛዝ የሻረው በአወጣጡ ምክንያት ነው፤ የጤና ኃላፊዋ ደንብ የሚወጣበትን መንገድ አልተከተሉም ብሎ።

ወደ 180 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ያለው የቨርጂኒያው ፌርፋክስ ካውንቲ መብቱ ሌላም ፈተና እንዳለበት አሳየ። በ2021 አንዲት እናት የትምህርት ቦርዱ ለጠበቆቹ የከፈለውን ሂሳብ ጠይቃ ተሰጣት። መሥሪያ ቤቱ መሸፈን የነበረበትን ጽሑፍ ሳይሸፍን ነበር የሰጣት። ሌላ እናት የግለሰቦችን ስም ራሷ ሸፍና ለሕዝብ አወጣችው። በሴፕቴምበር ቦርዱ ሁለቱን እናቶች ከሰሰ፤ ሰነዱ ይመለስ፣ ከዕይታም ይነሳ አለ። ዳኛ ሪቻርድ ጋርዲነር በኖቬምበር ለእናቶቹ ፈረዱ። ሕግ ተከትላ ጠይቃ ባገኘችው ወረቀት እናትን ፍርድ ቤት ማቆም፣ ሌሎች ወላጆች እንዳይጠይቁ ከማስፈራራት በቀር ምን ሊያተርፍ እንደታሰበ ለመረዳት ያስቸግራል።

ፌርፋክስ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አገር አይደለም። ከፌርፋክስ እስከ አሌክሳንድሪያ ባለው አካባቢ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱም ለወላጆች የሚልካቸውን ዋና ዋና ማስታወቂያዎች ከሚተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ውሳኔው በአማርኛ ይደርሳቸዋል። ውሳኔው የተመከረበት ኢሜይልና ቃለ ጉባኤ ግን በእንግሊዝኛ ነው። ሌሊት ታክሲ ነድቶ ወይም ሆስፒታል አድሮ የሚመጣ ወላጅ ያን ዶሴ ለማንበብ ከጎረቤቱ ይልቅ ብዙ ይቀረዋል፤ ሰነዱን የሚጠይቁት ጊዜ፣ ገንዘብና ቋንቋ ያላቸው ብቻ ከሆኑ የወላጆች ድምፅ ተብሎ የሚሰማው የነሱ ብቻ ይሆናል።

ወላጆችም አንድ ልብ አልነበሩም። በጃንዋሪ 2022 አዲሱ የቨርጂኒያ ገዢ ግሌን ያንግኪን ማስክን በወላጅ ፈቃድ ሲያደርጉት ፌርፋክስን ጨምሮ ሰባት ቦርዶች ከሰሷቸው፤ በፌብሩዋሪ የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የገዢውን ሐሳብ ሕግ አደረገው። በሽታ የመቋቋም አቅማቸው የደከመ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ደግሞ ሌላ ክስ መሠረቱ፤ በማርች ዳኛ ኖርማን ሙን ለነዚያ ልጆች ሲባል በክፍላቸው ማስክ እንዲደረግ መጠየቅ ይቻላል አሉ። የእነዚህ እናቶች ጭንቀት ከሌሎቹ ያነሰ አልነበረም።

መብቱ ያለ አግባብ የዋለበት ጊዜም አለ። በ2022 መጀመሪያ ቦንድስ ፎር ዘ ዊን የተባለ እንቅስቃሴ ወላጆች የቦርዱን የኢንሹራንስና የዋስትና ወረቀት በሰነድ ጥያቄ አውጥተው፣ ማስክ ባስገደደ ቦርድ ላይ ካሳ እንዲጠይቁበት አስተማረ። የካሳ ጥያቄው የሕግ መሠረት አልነበረውም። ሆኖም በየከተማው ያለች አንዲት የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ የተማሪ ምዝገባና የሠራተኛ ዶሴ ከፊቷ ተከምሮ፣ ለእያንዳንዱ ደብዳቤ መልስ መጻፍ ነበረባት።

የክፍለ ግዛት የማስክ ግዴታ ባልነበረበት በፍሎሪዳ ያው መሣሪያ በሌላኛው ወገን እጅ ገባ። በጁን 2021 የጤና መምሪያው በየቀኑ ያወጣው የነበረውን የኮቪድ ዘገባ አቆመ። ገዢው ሮን ደሳንቲስ በቀጣዩ ወር ትምህርት ቤቶች ማስክ እንዳያስገድዱ አዘዙ። የኦርላንዶው የሕዝብ ተወካይ ካርሎስ ጊየርሞ ስሚዝ የካውንቲያቸውን ቁጥር በ1909ኙ ሕግ መነሻነት ጠየቁ፤ ተከለከሉ፤ ከአንድ የግልጽነት ተሟጋች ድርጅት ጋር ሆነው ከሰሱ፤ ጋዜጦችም ተቀላቀሏቸው። ክርክሩ ሁለት ዓመት ፈጀ። በኦክቶበር 2023 በተደረሰው ስምምነት መምሪያው 152,250 ዶላር የጠበቃ ወጪ ሊከፍል፣ የኮቪድ ቁጥሮችንም በየካውንቲውና በየዕድሜው ለይቶ ለሦስት ዓመት ሊያወጣ ተስማማ። ገንዘቡ የተከፈለው ቁጥሩን ከተከለከለው ሕዝብ ግብር ነው።