ሞምባሳ፦ ወደ ኢትዮጵያ ያልተከፈተችው በር

ከሞምባሳ የተመለሰ ሰው የሚያሳያችሁ ፎቶግራፍ አሸዋና የኮኮናት ዛፍ ነው። ዲያኒ፣ ኒያሊ፣ ባምቡሪ... ውሃው ሞቅ ያለ፣ አሸዋው ነጭ። ባሕሩ አይታማም። ከተማዋ ግን ያለችው ከእነዚህ ሁሉ ተለይታ በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ነው። አብዛኛው እንግዳ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሆቴሉ ሲያልፍ በመኪና መስኮት ያያታል፤ ሲመለስም እንዲሁ። ለኢትዮጵያዊ ጎብኚ ይህ ድርብ ኪሳራ ነው። በተለያየ ዘመን ወደ አገራችን የሚያስገባ መንገድ ፍለጋ የተነሡ ሰዎች ይህን የባሕር ጠረፍ በር ይሆነናል ብለው ደጋግመው አንኳኩተውታል። በሩ አልተከፈተላቸውም። የአንኳኪዎቹ ዱካ ግን እስከ ዛሬ በእግርና በታክሲ እየተዞረ የሚታይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጉብኝቱ የሚጀመረው ሁሉም ከሚጀምርበት፣ ከፎርት ጂሰስ ምሽግ ነው። ጠዋት በሩ እንደተከፈተ መግባት ይሻላል፤ ረፋዱ ላይ የኮራል ድንጋዩ ግንብ ሙቀቱን መልሶ ሰው ላይ ይተፋዋል። በባሕሩ በኩል ባለው ግንብ ላይ ቆሞ ወደ ውጭ ሲመለከቱ የሚታየው ጠባብ የወደብ መግቢያ ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ በሚያዝያ 7 ቀን 1498፣ በሆሳዕና ዋዜማ መርከቦቹን ያቆመው ከዚህ ውጭ ነበር። ፈርቶ አልገባም። ፍርሃቱም ከንቱ አልነበረም፤ በሌሊት ዋናተኞች ተልከው የመልሕቁን ገመድ ሊቆርጡ ሞክረዋል።

ዳ ጋማ ከፖርቱጋል ንጉሥ ከማኑኤል የተሰጡት ደብዳቤዎች ነበሩት። አንደኛው የተጻፈው አውሮፓውያን «ቄሱ ዮሐንስ» እያሉ ለሚጠሩት፣ በኋላም የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው ብለው ለቆረጡለት ክርስቲያን ገዥ ነበር። የጉዞው መዝገብ እንደሚለው ከተማዋን እንዲያዩ የተላኩት ሁለት ሰዎች «ክርስቲያን» ነጋዴዎች ቤት ገብተው፣ የሚሰገድለት ሥዕል ያለበት ወረቀት አይተው ተመለሱ፤ ሥዕሉንም የመንፈስ ቅዱስ ነው ብለው አመኑ። ነጋዴዎቹ የሕንድ ሂንዱዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ክርስቲያን የሚፈልግ ዓይን ክርስቲያን ያያል። ዳ ጋማ ደብዳቤውን ለኢትዮጵያ ንጉሥ ሳያደርስ በማሊንዲ በኩል ወደ ሕንድ ተሻገረ። ኢትዮጵያን የረገጠው ልጁ ክሪስቶቮ ነው፤ በ1541 አራት መቶ ወታደሮች ይዞ በምጽዋ ገባ፣ ከዐፄ ገላውዴዎስ ወገን ሆኖ ኢማም አሕመድን ተዋጋ፣ በማግሥቱ ዓመት ተማርኮ ተገደለ። አባትየው ከሞምባሳ ደጃፍ የተመለሰበትን ጉዳይ ልጁ በሌላ በር ገብቶ በሕይወቱ ከፈለበት ማለት ነው።

ፖርቱጋሎች ሞምባሳን ወዲያው አልያዟትም። በ1505 አቃጠሏት፣ በ1528 ደግመው አቃጠሏት፤ እሷ ግን እንደገና እየተሠራች አስቸገረቻቸው። በመጨረሻ በ1593 ይህን ምሽግ መገንባት ጀመሩ። ንድፉን ያወጣላቸው ጆቫኒ ባቲስታ ካይራቲ የሚባል የሚላኖ ሰው ነው። ከሰማይ ሲታይ ቅርጹ እጅና እግሩን ዘርግቶ የተጋደመ ሰው ይመስላል። በውስጡ ያለው ሙዚየም የቻይና ሸክላ፣ መድፍ፣ ከሰመጠ የጦር መርከብ የወጣ ዕቃ ይዟል። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የምመርጠው በአንድ ግድግዳ ላይ የፖርቱጋል ወታደሮች በቀይ አፈርና በከሰል የሣሉትን መርከብና ሰው ነው። ቤተ መንግሥት ያላዘዘው፣ ሥራ ፈት ወታደር የጫረው ነውና ከመድፎቹ ይልቅ ያናግራል።

ከምሽጉ ታሪኮች ሁሉ ለእኛ አንባቢ የሚቀርበው የሱልጣን ዩሱፍ ቢን ሀሰን ነው ባይ ነኝ። አባቱ በፖርቱጋሎች ተንኮል ሲገደል ልጅ ነበር። ወደ ጎዋ ተወስዶ በአውግስጢኖሳውያን መነኮሳት እጅ አደገ፣ ተጠመቀ፣ ዶም ዠሮኒሞ ተባለ፣ ንጉሥ ሆኖም ወደ ሞምባሳ ተመለሰ። በነሐሴ 1631፣ ፖርቱጋሎቹ የእመቤታችንን የፍልሰታ በዓል በሚያከብሩበት ሰሞን፣ ከሰዎቹ ጋር ምሽጉ ገብቶ አዛዡን ገደለ፣ ክርስትናውን ጥሎ ወደ እስልምና መመለሱን አወጀ። ይህ በሆነ በዓመቱ ዐፄ ሱስንዮስ ኢየሱሳውያን ያስገቡትን የካቶሊክ እምነት ትተው ሕዝቡ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቀዱ። ሁለቱ ነገሥታት አይተዋወቁም፤ አንዱ በሌላው ምክንያት አልተነሣም። ግን በአንድ ዓመት ልዩነት፣ አንደኛው በደም ሌላኛው በአዋጅ፣ ከዚያው ከጎዋ ከመጣ ኃይል ጋር መቋረጣቸው ለታሪክ ወዳጅ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ኢየሱሳውያን ራሳቸው ይህን ጠረፍ ሞክረውታል። ምጽዋ በቱርኮች እጅ ስለነበረች ሌላ መግቢያ ሲያፈላልጉ፣ ዠሮኒሞ ሎቦ የሚባለው ካህን በ1624 ከሞምባሳ በስተ ሰሜን ወዳለችው ፓቴ ደሴት መጣ፤ በየብስ፣ በኦሮሞ ምድር አቋርጦ ኢትዮጵያ ሊገባ። መንገዱ እንደማይሆን ሲገባው ወደ ሕንድ ተመለሰና በ1625 በአፋር ጠረፍ፣ በቤይሉል በኩል ገባ።

ምሽጉ ከፖርቱጋሎች እጅ የወጣው በኦማን ዐረቦች ከበባ ነው። ከመጋቢት 1696 እስከ ታኅሣሥ 1698፣ ወደ ሦስት ዓመት የተጠጋ። ከጥይት ይልቅ የጨረሳቸው ወረርሽኝና ረኃብ ነበር፤ ሊረዳ የተላከው የመጨረሻ መርከብ የደረሰው ምሽጉ ከወደቀ ከቀናት በኋላ ነው። እንግሊዞች በበኩላቸው ከ1895 ጀምሮ እስከ 1958 እስር ቤት አደረጉት። ከ2011 ወዲህ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ከምሽጉ በር ወጥቶ ወደ አሮጌው ከተማ መግባት ጥቂት እርምጃ ነው። እዚህ ካርታ ይዞ መታገል አያስፈልግም፤ ንዲያ ኩ የሚባለውን መንገድ ይዞ፣ የተቀረጹ የእንጨት በሮችንና ተንጠልጣይ ሰገነቶችን እያዩ መሄድ ነው። ማንድሪ መስጊድ በ1570 የተሠራ ነው ይባላል፤ ሚናሬቱ ወፍራምና ወደ ላይ እየሾጠጠ የሚሄድ፣ የተለመደውን ዓይነት አይመስልም። ኢብን ባቱታ በ1331 እዚህ ሲያልፍ ያስገረሙት የሕዝቡ ምግብ ሙዝና ዓሣ መሆኑ፣ መስጊዶቹም በእንጨት አጥብቀው የተሠሩ መሆናቸው ነበር። ወደ አሮጌው ወደብ ሲወርዱ ጥቂት የእንጨት ጀልባዎች ይታያሉ። ሞተር ሳይመጣ በፊት የከተማዋ ኑሮ በነፋስ የተመደበ ነበር፤ ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ከዐረብና ከሕንድ ተምርና ምንጣፍ የጫኑትን ሲያመጣ፣ ኩሲ የሚሉት የደቡቡ ነፋስ ደግሞ የዝሆን ጥርስና የማንግሮቭ አጣና ጭነው እንዲመለሱ ያደርጋል።

አመሻሽ ላይ ቡና ሻጮች ይወጣሉ። ከሥሩ ፍም ያለበት የነሐስ ጀበና በአንድ እጅ፣ ሲኒ በሌላው፤ ሲኒዎቹን እያጋጩ ደንበኛ ይጠራሉ። ካሃዋ ቹንጉ ይሉታል፤ ዝንጅብል የገባበት፣ ስኳር የሌለው። ከሀልዋ ጋር ይጠጣል። ቡና የኛ ነው ብሎ ከመከራከር በፊት አንድ ሲኒ መቅመስ ደግ ነው፤ እንደኔ ግን ሦስተኛው ይበቃል፣ ዝንጅብሉ ቡናውን ይጫነዋል። ራት ላይ ፒላው ወይም ቢሪያኒ፣ ቁርስ ላይ በኮኮናት ወተት የተሠራ የርግብ አተር ከማሃምሪ ጋር፤ ማሃምሪ ሄል የገባበት ሦስት ማዕዘን ብስኩት ነገር ነው። በሞይ ጎዳና ላይ ስለቆሙት ትልልቅ የአሉሚኒየም የዝሆን ጥርሶች ብዙ ይነገራል። ለእንግሊዝ ንጉሣውያን አቀባበል የቆሙ ናቸው፤ ከመኪና ሳይወርዱ ማየት ይበቃል።

የኒያሊን ድልድይ ሲሻገሩ ግን መኪናውን ያስቁሙ። ኮንጎዌያ ገበያን አልፎ ኬንጌሌኒ የሚባለው መስቀለኛ መንገድ ላይ አንድ አሮጌ ደወል አለ። በ1870ዎቹ እንግሊዛውያን ሚሲዮናውያን ከባሪያ መርከብ ነፃ የወጡ ሰዎችን ያሰፈሩበት ፍሬርታውን የሚባል መንደር እዚህ ነበር፤ ደወሉም የባሪያ ፈንጋይ ሲመጣ ማስጠንቀቂያ ይደወልበት ነበር። አሁን ዙሪያውን ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ይጮኻል። ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው።

ከዚያ ወደ ባሕሩ ተጠግቶ፣ ከደሴቲቱ ፊት ለፊት ባለው ዳርቻ፣ የዮሐን ሉድቪግ ክራፍ መታሰቢያና የሚስቱ መቃብር ይገኛል። የሽርሽር መጻሕፍት በአንድ መስመር ያልፉታል። ለኢትዮጵያዊ ግን ከምሽጉ እኩል ነው፤ እኔ እንዲያውም አስበልጠዋለሁ።

ክራፍ ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ነው። ትግራይ ገብቶ በ1838 ከደጃዝማች ውቤ አገር ተባረረ። በ1839 በታጁራ በኩል ሸዋ ደረሰ፤ አንኮበር ላይ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በደግ ተቀበሉት፣ በዘመቻም አብሯቸው ወጣ፣ ኦሮምኛም ተማረ። በ1842 ሚስት ለማግባት ወደ ግብፅ ሲወርድ ወሎ ላይ ተዘረፈ፤ ከተጋባ በኋላ ቢመለስ በታጁራ በኩልም በትግራይ በኩልም መንገዱ ተዘጋበት። ሚስቱ ሮዚን በዚያ መንከራተት መሃል፣ ከምጽዋ ባሻገር ባለው በረሓ፣ ቀኗ ያልደረሰ ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ክራፍ ያጠመቃት በአማርኛ ስም ነው፤ «እንባ» አላት።

ኦሮሞን በሰሜን በኩል ማግኘት ካልተቻለ በደቡብ በኩል ይሞከራል ብሎ በ1843 መጨረሻ ከኤደን ተሳፈረ። ዛንዚባር ላይ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ የይለፍ ደብዳቤ ሰጡት፤ በ1844 ግንቦት ሞምባሳ ተቀመጠ። ሁለት ወር አልሞላም። በሐምሌ ባልና ሚስቱ በወባ ወደቁ፤ ሮዚን ሌላ ሴት ልጅ በወለደች በሳምንቱ ዐረፈች፣ ሕፃኗም በሁለት ቀን ተከተለቻት። ሮዚን ከመሞቷ በፊት ደሴቲቱ ላይ ሳይሆን ዋናው ምድር ላይ፣ የአገሬው ሰው በሚመላለስበት መንገድ ዳር እንዲቀብሯት ተናዝዛ ነበር፤ የሚያልፍ ሰው ለምን እንደመጡ እንዲያስታውስ። መቃብሩ እዚህ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ክራፍ ከዚያ አልሸሸም። በ1846 ከባልደረባው ከዮሐንስ ሬብማን ጋር ራባይ የሚባለው ኮረብታ ላይ ሰፈረ፤ ከሞምባሳ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በናይሮቢ መንገድ ወጥቶ ማዜራስ ላይ ወደ ቀኝ ታጥፎ የሚደረስ። ይኖርበት የነበረው ቤት፣ ቤተ ክርስቲያኑና ትንሹ ሙዚየም አሉ። በአካባቢው ካያ የሚባሉት የሚጂኬንዳ ሕዝብ የተቀደሱ ደኖች ይገኛሉ፤ ወደ ደኑ የሚገባው በሽማግሌዎቹ ፈቃድና በነሱ ሥርዓት ነው። ለሚስዮኑ ታሪክ ብቻ ራባይ ወጥቶ ካያውን ሳያዩ መመለስ ነገሩን በግማሽ ማየት ነው፤ ደኖቹ ከሚስዮኑ በፊት ነበሩ፣ ሰዎቹም ደኖቹን እስከ ዛሬ ይጠብቋቸዋል። ሬብማን በ1848 ኪሊማንጃሮን፣ ክራፍ በ1849 የኬንያን ተራራ በረዶ አይተው ሲጽፉ አውሮፓ ውስጥ ያመናቸው ጥቂት ነው። በምድር ወገብ በረዶ! ሬብማን ለ29 ዓመት ያህል አገሩን ሳያይ እዚያው ቆይቶ ዓይኑ ጠፍቶ ተመለሰ።

ክራፍስ? ከሞምባሳ ተነሥቶ ኦሮሞ አገር የመድረስ ሕልሙ አልተሳካም። በ1853 ጤናው ታውኮ አገሩ ገባ። ግን በ1855 ከሚሲዮናዊው ከማርቲን ፍላድ ጋር እንደገና ኢትዮጵያ መጥቶ አዲስ የነገሡትን ዐፄ ቴዎድሮስን አገኘ፤ በመቅደላው ዘመቻ ጊዜም በአስተርጓሚነት ከእንግሊዞች ጋር ወጥቶ ታሞ ተመለሰ። ሽማግሌ ሆኖ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ እርማት ላይ ሠራ፤ የስዋሂሊ መዝገበ ቃላቱ የታተመው ከሞተ በኋላ፣ በ1882 ነው። በአንድ እጁ አማርኛ በሌላው ስዋሂሊ ይዞ ያረጀ ሰው ከሱ ሌላ አላውቅም።

ልጆች ይዘው የሄዱ እንደሆነ መቃብርና ሙዚየም ብቻ አያዋጣም። ባምቡሪ ያለው ሃለር ፓርክ ለነሱ ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ ድንጋይ ቆፍሮ የተወው ገላጣ ጉድጓድ ነበር፤ ረኔ ሃለር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ባለሙያ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ጨው የሚችል የካዙዋሪና ዛፍ ተክሎ፣ የረገፈውን ቅጠል አፈር የሚያደርጉ አንድ ሺህ እግር ትሎች ለቅቆ፣ ጫካ አደረገው። ቀጭኔ በእጅ ይመገባል። ኦወን የሚባለው፣ በ2004ቱ ሱናሚ ሰሞን ያለ እናት የቀረው የጉማሬ ግልገል ምዜ ከተባለ አሮጌ ኤሊ ጋር የተወዳጀውም እዚሁ ነው።

ለመሄድ ጥሩው ጊዜ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት መጀመሪያ፣ ወይም ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው፤ ሚያዝያና ግንቦት ዝናብ ነው። አሮጌው ከተማ ውስጥ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይለበሳል፣ ዐርብ ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋጋል፤ ሰው ፎቶ ከማንሣት በፊት መጠየቅ ግድ ነው። ለምሽጉና ለአሮጌው ከተማ አንድ ቀን ይበቃል። ለኒያሊ መቃብርና ለራባይ ሌላ ቀን፣ ከተቻለ ከአንድ ባለ መኪና ጋር ቀኑን ሙሉ ተዋውሎ። ዋጋውን ከመሳፈር በፊት ይቁረጡ።