ፊት የሄደው ገብርዬ

ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ያለችው ጋፋት ስትነሣ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሴባስቶፖልን ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን አስገድዶ ያሠራው ይህ መድፍ ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል። በመስከረም 1860 መጨረሻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ ሲነሣ ሠራዊቱ መድፉን በጠፍር እየጎተተ ጉዞ ጀመረ። ጨጨሆን አልፈው፣ የዝጣንና የበሽሎን ገደል እየቆፈሩ መንገድ ሠሩለት። ንጉሡ ራሱ ድንጋይ ይፈነቅል ነበር። የተራራ ምሽጉ መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

ያን ሁሉ ድካም የፈተነችው ግን አንዲት ከሰዓት በኋላ ናት።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ ስቅለት። ሰው ጾሞ የሚሰግድበት ቀን ነው። ከፋላ ተራራ ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚመለከተው ቴዎድሮስ ሊወጋው ከመጣው የእንግሊዝ ጦር ወገን በሸለቆው የሚወጡ በቅሎዎች አየ፤ ጠባቂ የሌለው ስንቅ መሰለው። ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን ይዞ እንዲወርድ ታዘዘ። ፊታውራሪ ማለት ከሁሉ ቀድሞ የሚዘምት ነው፤ ገብርዬም ሹመቱ እንደሚያዘው ከፊት ሆነ። ንጉሡ የሸለማቸውን ቀይ ቀሚስ የለበሱት መኳንንት በፈረስ፣ እግረኛው በሩጫ፣ ሺዎች እየፎከሩ አሮጌ ወደሚባለው ሜዳ ወረዱ። የክብር ልብሱ በዚያ ሜዳ ላይ ከሩቅ የሚታይ ዒላማ ከመሆን ሌላ ምን ይጠቅም ነበር?

በቅሎዎቹ የተሸከሙት ሮኬት ነበር። ከእነሱ ወዲያ የእንግሊዝ እግረኛ ስናይደር የተባለውን፣ ከኋላ የሚጎርሰውን አዲስ ጠመንጃ ይዞ ቆሟል። የገብርዬ ሰዎች የያዙት ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ባሩዱም ጥይቱም ከአፉ የሚጨመርበት ነው፤ አንድ ጊዜ ተኩሰው እንደገና እስኪያጎርሱ ድረስ ወዲያኛው ደጋግሞ ይተኩሳል። ከተራራው ያገዟቸው መድፎችም ቢሆኑ ጥይታቸው በጠላት ራስ ላይ እያለፈ ሄደ፤ አንድ ትልቅ መድፍ ደግሞ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ። ስድስት ወር ተጎትቶ የመጣው ብረት ሳያድናቸው ቀረ።

የገብርዬ ሰዎች ግን ከአንዴም ሁለቴ፣ ሦስቴ ተመልሰው ገጠሙ። ዝናብ እየወረደ፣ ወንድም በወንድሙ ሬሳ ላይ እየተራመደ። ገብርዬ እዚያው ወደቀ።

ከቴዎድሮስ ጦር ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ሞተ፤ 1200 ያህል ቆሰለ። ከእንግሊዞች በኩል የቆሰሉት 20 ሲሆኑ ከእነሱ ሁለቱ በኋላ ሞቱ። ስለ መቅደላ ሲወራ ቴዎድሮስ በኋላ ራሱን የገደለበት ሽጉጥ ይህን አርብ ይጋርደዋል፤ በእኔ ግምት ግን ጦርነቱ ያለቀው በአሮጌ ነው። ገብርዬን የሚያህል ሰው ያጣው ንጉሥ በማግሥቱ የእርቅ መልእክተኞች ላከ።

ሌሊቱን ቁስለኞቻቸውን የሚፈልጉት ሰዎች ጥሪና ለቅሶ ከሜዳው እስከ እንግሊዞች ሰፈር ይሰማ ነበር።