የማይታየውን ያሳየ ምርመራ፦ የፀረ ግሎቡሊን ዘዴ አነሳስ

ካርል ላንድሽታይነር በ1901 የደም ዓይነቶችን ለይቶ ካሳወቀ በኋላም (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዓይነቱ የተስማማ ደም ወስደው የሚታመሙ ሰዎች አልጠፉም ነበር። በ1939 ሌቪንና ስቴትሰን የተባሉ ሐኪሞች፣ በኒውዮርክ አንዲት ልጇ ሞቶ የተወለደባት እናት የባሏን ደም በተቀበለች ጊዜ የደረሰባትን ብርቱ ሕመም ገለጹ። በተከታዩ ዓመት ላንድሽታይነርና ዊነር ሪሰስ የተባለውን የደም ጠባይ አስታወቁ። ሌቪንም የአራስ ሕፃናትን ደም የሚያፈርሰው በሽታ ከዚሁ የሚመነጭ መሆኑን በ1941 አስረዳ።

ምክንያቱ ቢታወቅም መመርመሪያው ገና አልተገኘም ነበር። በጊዜው በነበረው ዘዴ አንድ ሴረም ፀረ እንግዳ አካል እንዳለው የሚታወቀው ቀይ የደም ሕዋሳት ተያይዘው ሲጓጎሉ በዓይን በመታየቱ ነው። ብዙዎቹ የሪሰስ ፀረ እንግዳ አካላት ግን ሕዋሱን ከመልበስ በቀር ሕዋስን ከሕዋስ አያያይዙም። ስለዚህ ባለሙያው ቱቦውን ተመልክቶ «ምንም የለም» ሲል፣ አደጋው በዚያው ቱቦ ውስጥ ሊኖር ይችል ነበር።

መፍትሔው የተገኘው በካምብሪጅ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ላይ ነው። ሮቢን ኩምስ ትምህርቱ የእንስሳት ሕክምና የሆነ ወጣት ተመራማሪ ነበር። ኋላ ራሱ እንደተረከው፣ አሳቡ የመጣለት አንድ ምሽት ከለንደን ወደ ካምብሪጅ ብርሃኑ በደበዘዘ ባቡር ሲጓዝ ነው። ፀረ እንግዳ አካል ግሎቡሊን የተባለ ፕሮቲን ከሆነ፣ ግሎቡሊንን የሚይዝ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል በሕዋሳቱ መካከል ድልድይ ሆኖ ሊያያይዛቸው ይገባል። የሰው ግሎቡሊን ለጥንቸሎች ተወግቶ፣ ከደማቸው የተገኘው ሴረም አሳቡን አረጋገጠ። ኩምስ፣ ሙራንትና ሬስ ውጤቱን በ1945 ላንሴት በተባለው መጽሔት አሳተሙ። በ1946 ደግሞ በታመሙ ሕፃናት ደም ላይ በቀጥታ እንደሚሠራ አሳዩ።

ይሁን እንጂ ካርሎ ሞሬስኪ የተባለ ኢጣሊያዊ በ1908፣ በእንስሳት ደም ላይ ባደረገው ሙከራ ይህንኑ መሠረተ አሳብ አመልክቶ ነበር። የካምብሪጆቹ ሰዎች ይህን አላወቁም ነበር፤ ኩምስ ግን ካወቀ በኋላ ቀዳሚነቱን ሳይሸሽግ መሰከረለት። ጽሑፉ ለ37 ዓመታት ተረስቶ የቆየው በድክመቱ ይመስለኛል ማለት አይቻልም፤ መልሱ የተሰጠው ጥያቄው ሳይነሣ ስለነበረ ነው። ጥያቄውን ያነሡት እናቶችና አራሶች ናቸው።

በትምህርት ገበታ ላይ የኩምስ ስም ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር ቢኖር እጥበቱ ነው። ሕዋሳቱ በጨው ውሃ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ካልታጠቡ፣ በቱቦው የቀረው ጥቂት ሴረም የራሱ ግሎቡሊን ስላለው መመርመሪያውን ቀድሞ ይይዘዋል። ሕዋሳቱም ሳይጓጎሉ ይቀራሉ፤ የቸኮለ እጅ አደገኛውን ደም «ተስማሚ» አሰኘ ማለት ነው። በዚህም የተነሣ «የለም» የሚል ውጤት ወዲያው አይታመንም። አስቀድሞ ግሎቡሊን የለበሱ ሕዋሳት በዚያው ቱቦ ይጨመራሉ። እነዚህ ከተጓጎሉ መመርመሪያው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይሠራ ነበር፤ ካልተጓጎሉ ግን ውጤቱ ተሰርዞ ምርመራው ይደገማል።